እጅ የተቀየረበት ጋቢ

«እዚህ ጋ እጅ ተቀይሯል» አሉ ሸማኔው።

ማንም የነገራቸው ነገር አልነበረም። እናቴ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ዘንቢሉን ይዤ ቆሜያለሁ። እሳቸው ልቃቂቱን አንድ በአንድ ያነሣሉ። ክሩን ትንሽ መዘዝ ያደርጉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል ያሹታል። ከዚያ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ያስቀምጣሉ። ጨርሰው ቀና ሲሉ በቀኝ ያለው በሙሉ የእናቴ ፈትል ነበር። በግራ ያለው የእኔ። አንዷን እንኳ አላምታቱም።

ጋቢው ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ ባለቤቱ ጋ ከደረሰ ቆይቷል። ያቺ ንግግር ግን እስካሁን እኔ ጋ ነች። ሹራብ ይዤ ስቀመጥ ትመጣለች። ሰው ዳንቴሌን አገላብጦ ዋጋ ሲጠይቀኝም ትመጣለች። ለምን እንዲህ እንደያዘችኝ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ፣ ዛሬ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የሚፈታ ሥራ

እኔ ከክር ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ። ዳንቴል የጀመርኩት ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ያኔ ጎንደር ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ያለበት ቤት አላስታውስም። ቴሌቪዥኑ ይለብሳል፣ ቴፑ ይለብሳል፣ የሶፋው ራስጌና ክንዱ ይለብሳል። ሹራብ የመጣው በኋላ ነው። የጎረቤት ልጅ ሁለት መርፌ ይዛ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ እያየሁ እጄ ተማረ።

የሹራብ ደስታ ምን እንደሆነ ላልሠራ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ክር ነው። አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ ያልፋል፣ እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ውስጥ። ቋጠሮ የለውም፣ ስፌት የለውም። ክር ክሩን ይዞት ልብስ ይሆናል። ዳንቴል ደግሞ ይብሳል። ሹራብ ላይ መርፌው ሙሉ ቀለበት ይሰለፋል፤ ዳንቴል በሚሠራበት መንጠቆ፣ በኪሮሽ ላይ ግን ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ያቺን አንድ ቀለበት ጠብቆ መሄድ ነው ሥራው ሁሉ። ማታ መብራት ሲጠፋ እንኳ እጄ አይቆምም፤ ጣቴ ያለበትን ያውቀዋል።

ሁለቱም ግን ይፈታሉ። ጫፉን ይዞ መሳብ ነው። የሳምንት ሥራ በትንሽ ጊዜ ወደ ክርነቱ ይመለሳል። እናቶቻችን ያረጀ ሹራብ ፈትተው፣ ክሩን አጥበው፣ እንዲቃና ሰቅለው አድርቀው፣ ለታናሹ ልጅ እንደገና ይሠሩ ነበር። እኔም የወንድሜን ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ አድጌያለሁ። ያ ሹራብ ከዚያ በፊት የአባቴ ነበር።

የሚያናድደውም ነገር እዚያው ደስታው ውስጥ ነው ያለው። የሚፈታ ሥራ እረፍት አይሰጥም። አንዲት ላላ ያለች ቀለበት ሦስት ዙር ወርዳ ዓይኔን ትወጋኛለች። ማንም አያያትም። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ እፈታለሁ። የቀለሙ ነገር ደግሞ አለ። ክር የሚነከረው በአንድ ጊዜ በአንድ በርሜል የሚችለውን ያህል ነው። የሚቀጥለው ንክር ያው ቀለም ተብሎ ቢነከርም ትንሽ ይለያል። ለዚህ ነው በፋብሪካ ክር መጠቅለያ ላይ የንክሩ ቁጥር የሚጻፈው። ቅዳሜ ገበያ የሚገዛው ክር ግን ብዙ ጊዜ መጠቅለያው ወልቆ፣ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ነው የሚገኘው። ክር አልቆብህ ተመልሰህ ስትሄድ «ያው ነው» ይሉሃል። ቤት ስትደርስ ያው አይደለም። ግማሹ እጅጌ ሌላ ልብስ ይመስላል።

ለዚህ መላ አለው። ከሚያልቀው ክር ጥቂት ሳይሠራ ካስቀሩ፣ አንድ ዙር ከአሮጌው፣ አንድ ዙር ከአዲሱ እያፈራረቁ መሄድ ነው። ልዩነቱ ይበተንና ዓይን ይዘለዋል። ይህን መላ ልብ በሉልኝ፤ ሸማኔው ቤት ተመልሶ ይመጣል።

ጥጥ ሌላ ነው

እናቴ ሹራብ ሠርታ አታውቅም። የእሷ ሥራ ፈትል ነው። ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚመጣውን ጥጥ ትገዛለች። በብረት ዘንግ ድንጋይ ላይ እየዳመጠች ፍሬውን ታወጣለች። በደጋን ትነድፈዋለች፤ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ይጠቀለልና አመልማሎ ይወጣዋል። ከዚያ እንዝርት። ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት እየተጫወተ፣ የእሷ እንዝርት ጭኗ ላይ ሽር ይልና ይሾራል። ክሩ ከጣቷ እየረዘመ ሲወጣ ሁልጊዜም የሆነ ተአምር ይመስለኝ ነበር።

ለታናሽ ወንድሜ ጋቢ ልፈትል ብላ ጀመረች። መሀል ላይ የጣቷ መገጣጠሚያ ያብጥ ጀመር። ጠዋት ጠዋት እጇ አይጨበጥም። ሐኪሙ እንድታሳርፈው ነገራት። ለማሳረፍ ሞከረች፤ ግን ያልተፈተለ አመልማሎ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እያየች ማረፍ አልቻለችም። በየቀኑ ታነሣዋለች፣ በየቀኑ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን እንዝርቱን ከእጇ ተቀበልኳት።

ክር የለመደ እጅ ፈትልም ይቀለዋል ብለው ያስባሉ ብዙዎች። አይቀለውም። አንዷ የጥጥ ፀጉር ርዝመቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የበግ ፀጉር ረጅምና ጥቅልል ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል። ጥጥ ግን አጭርና ልስልስ ነው። የሚያያይዘው ክረቱ፣ መጠምዘዙ ብቻ ነው። ክረቱ ካነሰ ክሩ እጅህ ላይ ይበተናል። ከበዛ ደግሞ እንደ እባብ ይጠማዘዝና በራሱ ላይ ይቋጠራል። በሁለቱ መሀል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ደግሞም ፈትል እንደ ሹራብ አይደለም፤ ፈትቼ ልድገመው አይባልም። የተከረረ ጥጥ ወደ ባዘቶነት አይመለስም። ወፍራም ከወጣ ወፍራም ነው፤ ቀጭን ከወጣ ቀጭን።

«አትጎትቺው፤ ራሱ ይምጣ» ትለኛለች እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና። ጋቢው ለጥምቀት እንዲደርስ ፈልጌ ስፋጠን ደግሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትላለች። ክርም እንደዚያው ነው። በጥድፊያ የተፈተለው ገና ሲደወር ይበጠሳል።

ስንፈትል የገረመኝ ነገር የበዓል ጉዳይ ነው። በእኛ ቤት በወር በ12ኛው፣ በ21ኛው፣ በ29ኛው እንዝርት አይነሣም። ሚካኤል ነው፣ ማርያም ናት፣ ባለ ወልድ ነው። ዳንቴል ግን በእነዚያ ቀናት ስሠራ እናቴ ተቆጥታኝ አታውቅም። ልጅ ሆኜ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትንሽ ከፋኝ። ፈትል ሥራ ነው፣ ስለዚህ በበዓል ይከለከላል። ዳንቴል ግን ጨዋታ ነው፣ ስለዚህ ማንም አይከለክለውም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ፣ ለመከልከል እንኳ የሚበቃ ሥራ ሆኖ አልተቆጠረም።

ይህን ስነግራት እናቴ አልሳቀችም። «እመቤታችን ገብርኤል ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል ነበር። ሥዕሉን አላየሽም?» አለችኝ። አይቻለሁ። በአብያተ ክርስቲያናችን የብሥራት ሥዕል ላይ እንዝርትና ክር ይዛ ትታያለች። ለእናቴ ክርክሩ እዚያ አለቀ። የፈትል ክብር ከላይ የመጣ ነው። ስለ ዳንቴል ግን ሥዕል የለም።

ይታይ ወይስ ይግባ?

እንግዲህ ወደ ሸማኔው ቤት። አዲስ ዓለም ነው። ይህ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ ወዲህ የሸማኔና የነጋዴ ሰፈር ሆኖ የኖረ ነው። ውሳኔው የመለያየት ነበር። ክሩ ግን አልተለያየም። የክርስቲያኗ እናት ፈትል በሙስሊሙ ሸማኔ እጅ አልፎ ለጥምቀት ይለበሳል። ከዘመን ዘመን እንዲህ ነው።

እሳቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰድደው ተቀምጠዋል። ድሩ ተወጥሯል። ድሩ የፋብሪካ ነው። የፋብሪካ ክር ገበያ ውስጥ ከገባ ወዲህ ድር የሚፈትል ሰው እምብዛም የለም። ባሕር ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንኳ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ድር በእያንዳንዱ ምት ይሳባል፣ ይፋተጋል፤ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። በድሩ መሀል እየተወረወረ የሚገባው ማጉ ነው ከእኛ የሚመጣው። ልስላሴውም ሙቀቱም ያለው ማጉ ላይ ነው።

ልቃቂቱን ለይተው ከጨረሱ በኋላ ለእናቴ ነው የተናገሩት። «እንግዲህ እንዴት ላድርግልዎት? ሦስት መንገድ አለ።»

አንደኛው ማፈራረቅ ነው። ማጉ ቀሰም ላይ ይጠቀለላል፤ አንድ ቀሰም ከእናቴ፣ አንድ ቀሰም ከእኔ እየወረወሩ መሄድ። «ያኔ ልዩነቱ ይበተናል፤ ማንም አያውቀው» አሉ። ልቤ ዘለለ። የሹራቡ መላ! እኔ ከመጠቅለያ አልባ ክር ጋር ስታገል የተማርኩትን እሳቸው በመወርወሪያቸው ያውቁታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአንድ ሙያ ሰዎች እንደሆንን ተሰማኝ። ይህን እንደሚመርጡልኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሁለተኛው እንደመጣ መሸመን ነው። የእናቴ እስኪያልቅ የእናቴ፣ ከዚያ የእኔ። ጨርቁ ላይ እጅ የተቀየረበት ቦታ እንደ ወሰን ይታያል።

ሦስተኛው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ነጠላ ሁለት ነው፣ ጋቢ አራት። ሁለቱ ወደ ውጭ ይታያሉ፣ ሁለቱ መሀል ይገባሉ። «የልጅዎን መሀል ላግባው?» አሉ።

እናቴ አላሰበችም። «መሀል ይግባ» አለች። «የሷ ወፍራም ነው፣ ይሞቃል።»

«ልክ ነዎት» አሉ ሸማኔው። «የላላ ክር ሙቀት ይይዛል።» እና በግራ የነበረውን ክምር አንሥተው ከኋላቸው አስቀመጡት። በቃ፣ ተወሰነ። ስለ ዋጋውና ስለሚደርስበት ቀን ማውራት ቀጠሉ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የተሰማኝን በትክክል ለመናገር ስሞክር ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቁጭት ነው። ያን ያህል ማታ፣ ያን ያህል የተበጠሰ ክር፣ ከዚያ ማንም ወደማያየው ቦታ። ሁለተኛውን ለመረዳት ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ከአዲስ ዓለም ወደ ላይ ስንወጣ፣ እናቴ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች፣ አላስችል አለኝ።

«ደበቅሽኝ እኮ» አልኳት።

«ጋቢ ለምንድን ነው የሚለበሰው?»

«ለብርድ።»

«ታዲያ?»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። አቀበቱ ትንፋሽ ያሳጥራታል። የታኅሣሥን የጎንደር ሌሊት የሚያውቅ ሰው ጥያቄዋ ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል። ጥጥ ራሱ አይሞቅም። የሚያሞቀው በክሩ ውስጥና በድርቡ መሀል የታሰረው አየር ነው። የእናቴ ክር ቀጭንና ጥብቅ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ መታጠብን ይችላል። ስለዚህ ውጭ ይሆናል። የእኔ ላላ ያለና ወፍራም ነው፤ ውጭ ቢሆን ቶሎ ያረጃል። መሀል ግን ማንም አይነካውም፣ አየሩን ይዞ ይቀመጣል። ሁለቱም ክር ትክክለኛ ቦታውን አገኘ።

ማጽናኛ ነበር ወይስ የፈታይ ፍርድ? አሁንም አላውቅም። እናቴ ለማጽናናት ብላ የምትናገር ሰው አይደለችም። ወጥ ሲበላሽ ተበላሸ ነው የምትለው።

ክር የሚያነብ ሰው

ቆይቶ የገባኝ ይህ ነው። በዕድሜዬ ሥራዬን እንደዚያ ያነበበው ሰው አልነበረም።

ዳንቴል ሠርቼ ለሰው ሳሳይ የምሰማው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «እጅሽ ይባረክ፣ ለኔም አንድ ሥሪልኝ» ነው። ከልብ የመጣ ነው፣ ግን አላየውም። ሁለተኛው «ክሩን ስንት ገዛሽው?» ነው። ይኼኛው ይብሳል። የክሩን ዋጋ ሲሰማ ትንሽ ጨምሮ ይነግረኛል። መሀል ላይ ያለፉት ማታዎች፣ የሚያመኝ አንጓ፣ የተፈታውና የተደገመው ዙር ሒሳብ ውስጥ አይገቡም። አንዲት ሴት ፒያሳ ላይ ሙሉ የጠረጴዛ ልብስ ይዛ «በማሽን የተሠራው ሱቅ ውስጥ በግማሽ ዋጋ አለ» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ዛሬ ብትጠይቀኝ መልስ አለኝ። ሹራብ እንኳ ማሽን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1589 ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ የካልሲ መሥሪያውን ከፈለሰፈ ጀምሮ ነው። እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ግን ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ አልተኩትም። ኪሮሽ የሚመስል ጨርቅ የሚያወጣ ማሽን አለ፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። እጅ የሠራው ኪሮሽ በርካሽ ሲሸጥ ካየሽ፣ የሆነች ሴት ማታዋን በከንቱ ሰጥታለች ማለት ነው።

ግን መልሱ ቢኖረኝም እሷን አይለውጣትም። ምክንያቱም ልዩነቱን በጣቷ አታውቀውም። ጥፋቷ አይደለም። እጅ ክርን የሚያውቀው ራሱ ሠርቶ፣ ወይም ከሚሠራ ሰው ሥር አድጎ ነው። የድሮ ሴቶች ገበያ ላይ ልቃቂት ሲገዙ መጀመሪያ ክሩን ነበር የሚያሹት፣ ዋጋ በኋላ ነው። ፈታይዋ ሲቀንስ የሚቀንሰው ክሩ ብቻ አይደለም፤ ክር የሚለየውም ጣት አብሮ ይቀንሳል። ሱቆቹ የጥበብ ሥዕል በታተመባቸው ከውጭ የመጡ ጨርቆች ሲሞሉ ብዙ ሰው ልዩነቱ የማይታየው ለዚህ ይመስለኛል። እኔን የሚያስፈራኝም ይኼኛው ነው። ርካሹ ጨርቅ መምጣቱ አያስፈራኝም፤ ድሃም ለበዓል ነጭ ይልበስ። የሚያስፈራኝ የሚያነብ ሰው ማለቁ ነው።

ሸማኔው «እጅ ተቀይሯል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ጉድለት አልነበረም። አላመሰገኑኝም፣ አልወቀሱኝም። እዚህ ጋ ሌላ ሰው አለ ነው ያሉት። ክሬን በጣታቸው አሽተው እኔን አገኙኝ። እናቴም «ይሞቃል» ስትል ያንኑ ነው ያደረገችው። ክሩ ምን እንደሆነ አየች፣ ለምን እንደሚሆን ወሰነች። ያን ቀን ማፈራረቁ ተመርጦልኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን ማፈራረቅ ማለት እኔን ከእናቴ ውስጥ በትኖ ማጥፋት ነው። መሀል መግባት ደግሞ ማንም ሳያየኝ በሙሉ እዚያ መሆን ነው። እነዚህን ሁለቱን ስመዝን ቁጭቴ እየቀለለ መጣ። ሙሉ በሙሉ ግን አልሄደም፤ እንዲሄድም አላስገድደውም።

ወንድሜ ጋቢውን ለብሶታል። መሀሉ የማን እንደሆነ አልነገርነውም። እናቴ አስፈላጊ አይደለም ትላለች፤ እኔ አንድ ቀን እነግረዋለሁ።

ሹራብ ስሠራም የተለወጠ ነገር አለ። ላላ ያለችውን ቀለበት ሳያት ለመፍታት አልቸኩልም። መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ ይህች ቦታ ሥራዋ ምንድን ነው? ብብት ሥር ከሆነች መላላቷ ጥሩ ነው፤ ክንድ ሲነሣ ይመቻል። አንገት ላይ ከሆነች እፈታታለሁ።

አሁን ደግሞ እናቴ ነጠላ ፍተዪ ብላኛለች። ለራሷ። ነጠላ ድርቡ ሁለት ብቻ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ መሀል የሚባል ነገር የለውም። ክሩ እንደ እሷ ክር ቀጭን መሆን አለበት። ለሸማኔው ይህን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «መጀመሪያ አንድ ልቃቂት ፈትለሽ አምጪልኝ» አሉኝ። «ሁሉንም ሳትጨርሺ። እኔ ልየውና እነግርሻለሁ።» ጥጡን ቅዳሜ ገበያ ገዝቼዋለሁ። ገና አልተዳመጠም፤ ማርያም ካለፈች በኋላ እጀምራለሁ።